ያደረ እንጀራና የተረፈ ሰው፦ የማዕድ ቁጠባ ታሪክ በሐይቅና በአምባሰል

(በታሪክ ትምህርት ክፍል ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርዕስ ለታሪክ መድረክ ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሐይቅ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞአና የብራና መጻሕፍቱ ናቸው። አምባሰል ሲባል ስሙን ለሙዚቃ ቅኝት ያበደረው ተራራ፣ ግሸን ማርያም፣ ከዚያም የውጫሌ ውል ይታወሱናል። እነዚህ ሁሉ ጸሐፊ አላጡም። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ማታ መሶብ ውስጥ ስለተረፈው ቁራሽ እንጀራና በድስት ታች ስለቀረው ወጥ፣ እነርሱም በማግሥቱ ጠዋት የቤተሰብ ቁርስ፣ ከዚያም የማታ ራት ስለሚሆኑበት ብልሃት ነው።

ለማስረዳት የምሞክረው ሐሳብ አንድ ነው። በዚህ አገር ትራፊን ወደ ምግብ የመመለስ ጥበብ የችግር ልጅ ተደርጎ ይቆጠራል። ታሪኩን ቀረብ ብለን ስናየው ግን ተገላቢጦሹን እናገኛለን። ትራፊ የሚኖረው በልቶ ያደረ ቤት ነው። ረሃብ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ ከቤት የሚጠፋውም ትራፊ ነው። ስለዚህ የቁጠባን ታሪክ ከረሃብ ታሪክ ለይተን ካላጠናን ሁለቱንም እናዛባለን፤ ቆጣቢውን ሕዝብም ባልሠራው ጥፋት እንወቅሰዋለን።

ሥሩ አንድ የሆነ ቃል

ታሪክ ጸሐፊ ሰነድ ሲያጥረው ቋንቋን ይጠይቃል። «ተረፈ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ከዚህ አንድ ሥር «ትራፊ» ይወጣል፤ ከተበላ በኋላ የቀረው ማለት ነው። «ትርፍ» ይወጣል፤ ነጋዴው ከዋናው በላይ ያገኘው ነው። «ትርፍራፊ» የተባለው ደግሞ ቅንጥብጣቢው ነው። ከመከራ ያመለጠውንም ሰው «ተረፈ» እንለዋለን። በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች የምግብ ቅሪት፣ የንግድ ትርፍና ከሞት መዳን ለየብቻ ቃል አላቸው። በእኛ ዘንድ ግን ሦስቱም በአንድ ግሥ ይነገራሉ።

ቃሉ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትም ክብር አለው። «ተረፈ ኤርምያስ» የሚባል መጽሐፍ እንዳለን ታውቃላችሁ፤ የነቢዩ ነገር ቀሪው ማለት ነው። የቀረው የማይረባ ቢሆን ኖሮ የመጽሐፍ ስም ባልሆነ ነበር። በወንጌልም በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ጌታ ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ አዝዞ 12 መሶብ እንደሞላ ተጽፏል። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ያደገ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ኖሯልና፣ እንጀራ መሬት ሲወድቅ ማንሣትና መሳም ለልጆች የመጀመሪያ ትምህርት መሆኑ አያስገርምም። በሙስሊሙ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ምግብን ማባከን በእስልምና አስተምህሮ የተነቀፈ ነው። በወሎ ሁለቱ እምነቶች ለዘመናት ጎን ለጎን ሲኖሩ በዚህ ጉዳይ ልዩነት አልነበራቸውም።

የምግቦቹ ስሞችም ታሪክ ይነግሩናል። «ፍርፍር» መፈርፈርን፣ «ፍትፍት» መፈትፈትን፣ «ድርቆሽ» መድረቅን ያመለክታሉ። ስማቸው የተወሰደው ከተሠሩበት እህል ሳይሆን በእጅ ከሚደረግባቸው ሥራ ነው። እህሉ አስቀድሞ ተፈጭቷል፣ ተቦክቷል፣ ተጋግሯል፤ የቀረው የእጅ ብልሃት ብቻ ነው።

ከምጣድ እስከ ምጣድ

ይህን ብልሃት ለመረዳት እንጀራ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ማስታወስ ያስፈልጋል። የሞተር ወፍጮ ሳይመጣ በፊት እናቶች እህሉን በድንጋይ ወፍጮ ተንበርክከው ይፈጩ ነበር። ዱቄቱ ይነፋል፣ በእርሾ ይቦካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ አብሲት ይጣላል፣ ከዚያ ምጣድ ይጣዳል። ምጣድ ደግሞ ብዙ እንጨትና ኩበት ይበላል። ስለዚህ እንጀራ በየቀኑ አይጋገርም፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይጋገራል። በአንዱ ምጣድና በሚቀጥለው ምጣድ መካከል ያለው ጊዜ የቤት እመቤቷ የአስተዳደር ዘመን ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ለስላሳ እንጀራ እስከ ሦስተኛው ቀን ማን ምን እንደሚበላበት የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት።

ያደረ እንጀራ ሁሉ አንድ አይደለም። የጤፍ እንጀራ ለጥቂት ቀናት ልስላሴውን ይዞ ይቆያል። በቆላው የሚበላው የማሽላ እንጀራ ግን ቶሎ ይደርቃል፤ በማግሥቱ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማሽላ የሚበላ ቤት ፍርፍርን የሚሠራው ወዶ ብቻ አይደለም፤ እህሉ ራሱ ያስገድደዋል። ጤፍና ማሽላ የሚቀላቅሉ ቤቶች ዋጋን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ሲያሰሉ ኖረዋል።

አሠራሩን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ሆኖም በታሪክ መድረክ እምብዛም ስለማይነገር ልዘርዝረው። ማታ የተረፈው ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ጠዋት በውኃ ይቀጥናል። ቀይ ሽንኩርት ቢኖር ይከተፋል፣ ባይኖር በርበሬና ጨው ይበቃል። ፈላ ሲል ያደረው እንጀራ በእጅ ተቆራርሶ ይገባና ድስቱ ተከድኖ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ለሁለት ሰው ራት የማይበቃ የነበረው ወጥ ለአምስት ሰው ቁርስ ይሆናል። በጾም ወቅት ሱፍ ወይም ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ በውኃ ይበጠበጣል፤ ያደረ እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ እሳትም አያስፈልገውም። ቂጣ ቢያድር በቅቤና በበርበሬ ይፈረፈራል። ዳቦ ቢደርቅ እርሱም የዳቦ ፍርፍር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ላስምርበት። ፍርፍር ከእንጀራ በላይ እንጨትን ይቆጥባል። አንድ ትንሽ ድስት ለማፍላት የሚበቃው እሳት ከምጣዱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የወሎ ተራሮች ደናቸው በተመናመነበት ዘመን፣ ኩበት ለማዳበሪያነት ከማሳ መግባቱ ቀርቶ ከእሳት በገባበት ዘመን፣ ምጣዱን በአንድ ቀን ማዘግየት ለሴት ልጅ አንድ ሸክም እንጨት መቀነስ ነበር።

ከሁሉ ረዥም ዕድሜ ያለው ድርቆሽ ነው። እንጀራው ተቆራርሶ በሰፌድ ወይም በሰሌን ላይ ለፀሐይ ይሰጣል፤ እስኪንኮሻኮሽ ይደርቃል፤ ከርጥበት ተጠብቆ ይቀመጣል። ቀናት የነበረው ዕድሜው ወራት ይሆናል። በዚህ መልኩ እንጀራ ከመሶብ ወጥቶ መንገደኛ ሆነ። ወደ ግሸን ማርያም ለመስከረም 21 የሚጓዘው ምእመን ከበሶና ከቆሎ ጋር ይይዘዋል። የጥንቱ ዘማች መንግሥት ቀለብ ከማይሰፍርለት ጊዜ ጀምሮ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ስንቁን የሚያዘጋጁትም፣ ብዙ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋር ተጉዘው የሚያበስሉትም ሴቶች ነበሩ። ዛሬም ድርቆሽ በሻንጣ ተጭኖ በአውሮፕላን ወደ ዋሽንግተንና ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳል፤ ስደተኛው ልጅ የእናቱን እንጀራ በፈላ ውኃ ያለሰልሳል።

ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮች የደረቀ ዳቦን በወተትና በእንቁላል አርሰው የሚጠብሱትን ምግብ «የጠፋ ዳቦ» ይሉታል። በኢጣሊያ የቶስካና ገበሬዎች የትናንቱን የአትክልት ሾርባ ከደረቀ ዳቦ ጋር እንደገና አፍልተው የሚበሉት ምግብ ስሙ ራሱ «እንደገና የፈላ» ማለት ነው። ግብፆች ፈታ የሚሉት ምግብ ዳቦ በመረቅ የሚፈተፈትበት ነው። ሜክሲኮዎች ያደረውን የበቆሎ ቂጣቸውን በበርበሬ ስልስ ያበስሉታል። ዳቦ ወይም ቂጣ ዋና ምግብ በሆነበት ሁሉ ያደረውን የሚያስነሣ ጥበብ ተፈጥሯል። የእኛን የሚለየው ያደረው ምግብ የሚበላበትን ቀን ቆጠራው ጭምር የሚወስነው መሆኑ ነው።

ጾምና ፍስክ፣ ገዳምና ደጃፍ

በኦርቶዶክስ ቤት የማእድ ቤቱ ሁለተኛ እመቤት የጾም ቀን ነው። ማክሰኞ ማታ የተረፈ የሥጋ ወጥ ረቡዕ አይበላም፤ እየሞቀ እስከ ሐሙስ መቆየት አለበት። ዓርብም እንዲሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ጉዳዩ የአንድ ቀን አይደለም፤ 55 ቀን ነው። ስለዚህ ከቅበላ በፊት ያለው ፍስክ ወይ ይበላል፣ ወይ ለማይጾም ይሰጣል፣ ወይ ይደርቃል። ሥጋው ቋንጣ ሆኖ ይሰቀላል፣ ቅቤው ተነጥሮ ይቀመጣል፣ በፋሲካ ማግሥት የቋንጣ ፍርፍር ሆኖ ይመለሳል። የቤት እመቤቷ በምታበስልበት ሰዓት የምታሰላው ዛሬን ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን ቀናት ጭምር ነው።

በሙስሊሙ ቤት የረመዳን ማፍጠሪያ ያተረፈው ለሱሑር ይደርሳል፤ ሌሊት እሳት ለማንደድ የማይመች ሰዓት ነውና ያደረ ምግብ ባለውለታ ነው። በሁለቱ መካከልም አንድ የወሎ ሥርዓት አለ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ስለዚህ የሥጋ ወጥ ትራፊ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት አይሻገርም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ንፍሮውና እንጀራው ግን ይሻገራል። የጾም ምግብ የጎረቤትነት ምግብ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ ገዳሙ እንግባ። አባ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሐይቅ ከደረሱ በኋላ ገዳሙ ታላቅ ትምህርት ቤት ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ ያሠሩት አራቱ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ሲሆን በኢትዮጵያ ዘመናቸው ከሚታወቁ ጥንታዊ ብራናዎች አንዱ ነው። በኋላም የገዳሙ አለቃ «ዓቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ቦታ ያዘ።

ይህ ሁሉ የብራናና የቀለም ታሪክ ነው። ነገር ግን ብራና የሚፍቀውም ቀለም የሚበጠብጠውም ሰው መብላት አለበት። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። ስለዚህ በሌላው ኢትዮጵያዊ ቤት የሴት ተብሎ የተመደበው መፍጨትና መጋገር በገዳሙ የወንድ ሥራ ሆነ። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዚሁ ገዳም የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ ከኢትዮጵያ ታላላቅ የነገረ መለኮት ደራሲያን አንዱ፣ በትውፊት እንደሚነገረው ለመነኮሳቱ እህል ይፈጩ ነበር። መጽሐፈ ምስጢርን የጻፈው እጅ አስቀድሞ የወፍጮ መጅ የያዘ እጅ ነው ማለት ነው። እህል የፈጨ ሰው ቁራሽ አይጥልም፤ ዋጋውን ከጉልበቱ ያውቀዋልና።

ከገዳም ውጭ የትምህርቱን ሸክም የተሸከመው ደጃፍ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ በትሩን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም የሚሰጠው ምን ነበር? ብዙ ጊዜ ትኩስ ምግብ አልነበረም። ከቤተሰቡ የተረፈው ቁራሽ፣ ኩርማን እንጀራ፣ ጭብጥ ቆሎ ነበር። ተማሪው የዕለቱን በልቶ የቀረውን ወደ ጎጆው ወስዶ ለፀሐይ ያሰጣዋል፤ ዝናብ ደጅ ለደጅ መዞርን በሚከለክልበት ወይም ትምህርት በሚበረታበት ቀን በውኃ አርሶ ይበላዋል። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ደረሶችም እንዲሁ በአካባቢው ሕዝብ ልግስና ኖረዋል።

ይህን በታሪክ ሚዛን ስናስቀምጠው ትርጉሙ ትልቅ ነው። የኢትዮጵያ የጽሑፍ ባህል በነገሥታት ጉልትና ስጦታ ብቻ አልቆመም። ስማቸው በየትኛውም ብራና ላይ ያልተጻፈ ሴቶች ከመሶባቸው ቀንሰው በሰጡት ቁራሽም ቆሟል። ቅኔው፣ ዜማው፣ ትርጓሜው የተጠናው ባደረ እንጀራ ነው። ሴት የማትገባበት ገዳም መጽሐፍ የሴት እጅ ባለበት ምግብ ከደገፋቸው ተማሪዎች እጅ ወጣ።

ትራፊ የጠፋበት ዘመን

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ውጫሌ ላይ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያው መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል ውል ተፈረመ። ስለ 17ኛው አንቀጽ ያልተማረ ተማሪ የለም። ነገር ግን ውሉ የተፈረመበት ዘመን ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሚያስታውሰው ዘመን መሆኑን ምን ያህሎቻችን አያይዘን እናስበዋለን? ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በሬውን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ ማሳ ጦም አደረ፤ አንበጣና ተምች ተጨመሩ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የዘለቀው ረሃብና ወረርሽኝ አገሪቱን አራቆታት። ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን ዘመን በሰፊው አጥንተውታል።

በዚያ ዘመን ስለ ፍርፍር መናገር አይቻልም። እርሾ እንኳ የሚኖረው ካለፈው ሊጥ ሲተርፍ ነው። ሊጥ ከሌለ እርሾ ይደርቃል፤ ቤቱ እንደገና እህል ቢያገኝ እንኳ እርሾ ከጎረቤት መበደር ይኖርበታል፤ ጎረቤትም ከሌለው ከባዶ መጀመር ነው። የረሃብን ጥልቀት የሚለካ የተለያየ መስፈርት አለ። እኔ ግን ለማእድ ቤት ታሪክ የደረቀ ቡሆቃን የመሰለ መስፈርት አላገኘሁም።

ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ እንደገና ተራበ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጉዳዩን ለመሸፈን ሞከረ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያሳየው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ፤ በአገር ውስጥም ለአብዮቱ መቀጣጠል አንዱ ምክንያት ሆነ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ የወሎን ረሃብ መርምረው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አመለከቱ። ረሃቡ በበረታበት ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የተጠበቀውን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ የተጫነ እህል ነበር። ገበሬው የተራበው ገበያው ባዶ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የሚገዛበት ስላጣ ነው። ከዚህች ከሐይቅ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚርቅ ገበያ እህል እያለ ማለት ነው።

የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ ለእኛ በጣም ቅርብ የሆነ ጥናት ትቶልናል። የማኅበራዊ ጥናት ሊቁ ደሳለኝ ራህመቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት መጽሐፍ የተመሠረተው በዚሁ በአምባሰል ገበሬዎች ላይ ነው። ገበሬዎቹ ረሃብን በዝምታ የሚጠብቁ አልነበሩም። ምልክቱን ቀድመው ያያሉ፤ በመጀመሪያ ፍጆታቸውን ይቀንሳሉ፤ ከዚያ የቤተሰቡ አባላት ለጊዜው ሥራ ፍለጋ ይሰደዳሉ፤ ከዚያ ከብትና ንብረት ይሸጣሉ፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ቤታቸውን ትተው ይወጣሉ። በኮረም የታዩት ሰዎች በዚህ መንገድ መጨረሻ ላይ የነበሩ ናቸው።

የዚህን ቅደም ተከተል የመጀመሪያ ደረጃ ልብ በሉልኝ። ቁጠባ የተጀመረው ረሃቡ ከመድረሱ በፊት ነው። እርዳታ ሰጪውና የመንግሥት ሹሙ የደረሱት በመጨረሻው ደረጃ ነው። መጀመሪያውን ያላየ ተመልካች ገበሬው ምንም አላደረገም ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ደምድሟልም። በእውነቱ ግን ያ ቤተሰብ ወራት ሙሉ ቀጭን ወጥ አቅጥኖ፣ ሁለት ማዕድ አንድ አድርጎ፣ እናት «በልቻለሁ» እያለች ቆይቷል። የጎደለው ጥንቃቄ አልነበረም፤ የሚጠነቀቁለት እህል ነበር።

የማን ቁጠባ?

በዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች መጨመር ግዴታዬ ነው።

የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ነው። ያደረውን ማን በላ? በአሮጌው ሥርዓት በብዙ ቤት ትኩሱ እንጀራ ለአባወራውና ለእንግዳው ይቀርባል፤ ልጆች ከዚያ ይከተላሉ፤ የእናት ድርሻ የመሶቡ የታች ነው። ይህ የቤት ሥርዓት ብቻ አልነበረም። በቤተ መንግሥት ግብር ላይም ተጋባዡ በማዕረግ ተራ እየገባ ይበላል፤ የኋለኛው ዙር የፊተኛው የተወውን ያገኛል። ትራፊ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነበር። ስለዚህ የእናቶቻችንን ብልሃት ስናደንቅ ብልሃቱ ከራሳቸው ሆድ ላይ የተቆረጠበትን ጊዜ አብረን መቁጠር አለብን። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ የቤቱን አያያዝ ያሳመረችው ግን ብዙ ጊዜ የራሷን ድርሻ ለመጨረሻ ያስቀረችው ናት።

ሁለተኛው የመንግሥት ነው። ሕዝብን ቆጥብ ማለት ቀላል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1940 ምግብን ማባከን በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው፤ ትራፊን ወደ ምግብ የመመለስ ትምህርትም በወረቀት አሳትሞ በተነ። ነገር ግን በዚያው ዓመት የራሽን ሥርዓት ዘርግቶ ለእያንዳንዱ ዜጋ ዋና ዋና ምግቦችን በተመደበለት መጠን አረጋግጦ ነበር። ቆጥቡ ያለው ድርሻ ከሰጠ በኋላ ነው። የወሎ ገበሬ ግን በ1966 ዓ.ም. ሳይነገረው ቆጥቦ ነበር፤ የጎደለው ድርሻውን የሚያረጋግጥለት ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ቁጠባ ብቻውን ማንንም እንደማያድን፣ ከዋስትና ጋር ሲሆን ግን አገርን ከጦርነት ዘመን እንደሚያሻግር እንረዳለን።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን በደረሰ ጊዜ የብዙ ቤት ሰው መሶቡን ትቶ ወጥቷል። በተለያዩ የአገሪቱ ከተሞች ደግሞ እናቶች በየሰፈሩ ተሰብስበው ድርቆሽና በሶ ሲያዘጋጁ አይተናል። አንዱ ቤት ያለ ስንቅ ሲሰደድ በሌላው ቤት ስንቅ ይደርቅ ነበር። ዛሬም የኑሮ ውድነት በከተማው ቤተሰብ ላይ ሲበረታ ያደረው እንጀራ ወደ ቁርስ ገበታ በኩራት ይመለሳል። ይህን በማየት ሕዝባችን መቻሉን ያውቅበታል ብለን እንዳንረካ እሰጋለሁ። መቻል ዳርቻ አለው። ዳርቻውም መሶቡ ውስጥ የሚያድር ነገር ያለቀበት ማታ ነው።

ለተማሪዎቻችን የምተወው ሥራ

ንግግሬን የምቋጨው ለተማሪዎቻችን በማቀርበው ሐሳብ ነው። የሐይቅ ብራናዎች ተቆጥረዋል፣ ፎቶ ተነሥተዋል፣ ተጠንተዋል። የማእድ ቤት ዕውቀት ግን በሰው ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ ያንን ትዝታ የያዙት እናቶችና አያቶች ዕድሜ እየገፋ ነው። በዚህ ክረምት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ሦስት ጥያቄዎችን ይዛችሁ ሂዱ።

የመጀመሪያው፦ በልጅነትዎ ምጣድ በስንት ቀን አንድ ጊዜ ይጣድ ነበር? መልሱ ስለ እህሉ፣ ስለ ማገዶውና ስለ ሴቶች ድካም ይነግራችኋል። ሁለተኛው፦ ያደረውን የሚበላው ማን ነበር? መልሱ ስለ ቤቱ ሥልጣንና ስለ ፍቅሩ ይነግራችኋል። ሦስተኛው፦ መሶብ ውስጥ የሚያድር ነገር የጠፋው በየትኛው ዓመት ነው? ይህን ስትጠይቁ ቀስ በሉ፤ ሊያማቸው ይችላል። መልሱን ግን በጥንቃቄ መዝግቡ፤ ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩን፣ ቢያስታውሱ የነበረውን ሰብል ጭምር። መንግሥታት ረሃብ መግባቱን ያመኑበትን ቀን በሰነድ እናውቀዋለን። ሕዝቡ ያወቀበትን ቀን ግን የሚነግሩን እነዚህ ሴቶች ናቸው፤ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ርቀትም ወደፊት የሚጻፈው የወሎ ታሪክ ዋና ምዕራፍ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።